የተማሪው ማደሪያ፦ ከመምህሩ ደጃፍ እስከ መዖኖትና ዲራ



«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ መምጣት ሲጀምር፣ ወደ ማኅበራችን ቤት የሚመጡ ወላጆች አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ልጃችን መዖኖት ይግባ ወይስ ከጓደኞቹ ጋር ዲራ ይከራይ?» ይሉናል። መዖኖት የሚባለው ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚያስተዳድረው የተማሪዎች መኖሪያ ሲሆን፣ ዲራ ደግሞ ከግል ባለቤት የሚከራዩት ቤት ነው። ወጣቶቹ ብዙውን ጊዜ መልሱን በሒሳብ ይሠሩታል። ይህን ያህል ኪራይ፣ ይህን ያህል መብራት፣ ይህን ያህል የአውቶቡስ ብለው ይደምራሉ። ሒሳቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪ የት ይደር የሚለው ጥያቄ ለቤተ እስራኤል አዲስ ጥያቄ ስላልሆነ፣ እኔ ደግሞ የታሪክ ሰብሳቢ እንደመሆኔ ከሥሩ ላነሣው ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመምህሩ ደጃፍ

በቀድሞው ዘመን በቤተ እስራኤል ዘንድ ትምህርት የሚገኘው ከመነኮሳትና ከቄሶች እጅ ነበር። በደምብያ የነበረው ሆሃርዋ ስሙ የታወቀ የመነኮሳት ቦታ ሲሆን፣ ቄስ ለመሆን የሚሻ ወጣት ከአባት ከእናቱ ቤት ወጥቶ በመምህሩ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ማታ ማታ በእሳት ብርሃን ኦሪቱንና ጸሎቱን በግዕዝ ይማራል። ማደሪያውና ትምህርቱ አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ልጁ ቢያጠፋ የሚቆጣው፣ ቢታመም የሚያስታምመው ያው መምህሩ ነው።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም የቆሎ ተማሪ የሚሉት ነበራቸው። እነዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንንሽ ጎጆ ሠርተው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ምግባቸውን ይለምኑ ነበር። ለእኛ ልጆች ግን ይህ መንገድ የተዘጋ ነው። ሌላ ሰው ያበሰለውን መብላት፣ መነካካትም ጭምር፣ በሥርዓታችን አይፈቀድም ነበርና። ሰዎች «አትንኩኝ» እያሉ የሚጠሩን ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ የእኛ ተማሪ ወይ ከወገኑ ቤት ያድራል፣ ወይም ስንቁን ይዞ ይሄዳል እንጂ፣ ከማንም ቤት የሚያድርበት ሥርዓት አልነበረም።

እኔም በልጅነቴ በመንደራችን ቄስ ዘንድ ተምሬአለሁ። መኝታዬ በምድጃው አጠገብ የተነጠፈ ቁርበት ነበር። የዘመናዊውን ትምህርት ቤት ደጅ ብዙም ያልረገጥሁ ብሆንም፣ ያን ቁርበት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስንቅና የኪራይ ቤት በጎንደር

ታላቅ ወንድሜ ግን በመንግሥት ትምህርት ቤት ገባ። በመንደሮቻችን አካባቢ የነበሩት ትምህርት ቤቶች፣ የአምቦበሩን ጨምሮ፣ ዝቅተኛውን ክፍል ነበር የሚያስተምሩት። ከዚያ በላይ ለመቀጠል የሚፈልግ ወደ ጎንደር ከተማ መሄድ ነበረበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኦርት የተባለው ድርጅት በየመንደሩ ትምህርት ቤቶችን አቋቁሞ ብዙ ልጆች ቢማሩም፣ በ1981 መንግሥት ሥራውን ስላስቆመው ነገሩ ሳይዘልቅ ቀረ።

ወንድሜና ሁለት የአጎቶቻችን ልጆች በከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራዩ። የቤቱ ባለቤት አንዲት ደግ ክርስቲያን ሴት ነበሩ። እናቴ የኪራዩን ዋጋ የጠየቀችው በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያ የጠየቀችው «ድስቱ የማን ነው?» ብላ ነው። ቀጥላ «ሰንበትን የት ይውላሉ?» አለች። ከዚያም «ሌሊት ቢያማቸው በር የሚከፍትላቸው ማን ነው?» አለች። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከቤት የተላከ የሸክላ ድስት ሆነ። ለሁለተኛው፣ ዓርብ ከትምህርት መልስ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወደ ወለቃ በእግራቸው ሄደው፣ ከዘመድ ቤት ሰንበትን እንዲያከብሩ ተወሰነ። ለሦስተኛው፣ እናቴ ራሷ ሄዳ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋገረች። «ልጅሽ ልጄ ነው» ብለዋት እንባ እንደተናነቃት አስታውሳለሁ።

ስንቁን እሑድ ማለዳ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ስለሚውል በዚያ ቀን መሄድ አይሆንልንም። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አልፎ አልፎም ጥቂት ማር ተሸክሜ ግማሽ ቀን እጓዝ ነበር። ስደርስ ሦስቱ ልጆች ለአንዲት ኩራዝ ተጠጋግተው ሲያነቡ አገኛቸዋለሁ። ሴት ልጆችን ግን እንዲህ አድርጎ ወደ ከተማ መላክ ለወላጆች ከባድ ነበር። ሥርዓታችን የሚጠይቀው የመርገም ጎጆ በኪራይ ቤት አይገኝምና። የብዙ እኅቶቻችን ትምህርት በመንደር የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን መመስከር ይገባኛል።

በዚያ ዘመን እስከ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘለቁት ወገኖቻችን ጥቂቶች ነበሩ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1950 በኮሌጅነት የተጀመረ፣ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1975 ወዲህም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለ ነው። በደርግ ዘመን ተማሪው አልጋውንም ምግቡንም ከመንግሥት ያገኝ ነበር። ዶርም የሚመደብለት እንጂ የሚመርጠው አልነበረም። ዛሬም በኢትዮጵያ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆች በዶርም ያድራሉ፤ ከ2003 ወዲህ ግን ወጪ መጋራት የሚባል ሥርዓት ስለመጣ፣ የመኝታና የምግቡ ዋጋ ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ሆኗል።

በሰው አገር ያደሩ ልጆች

ከአገር ውጭ ሄደው የተማሩትን ስንመለከት ደግሞ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1905 ሲመለስ፣ ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። ታምራት በፓሪስ፣ ቀጥሎም በፍሎረንስ በሚገኘው የራቢዎች ኮሌጅ ተማረ። ከእነርሱ በኋላ በየጊዜው የተወሰዱት ልጆች ሃያ አምስት ያህል ይሆናሉ። ከእነዚህ አንዱ የነበሩት ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌም፣ በፍራንክፈርት፣ በስዊዘርላንድና በፓሪስ ተምረው ተመልሰዋል።

እነዚህ ልጆች የት እንደሚያድሩ የሚወስነው የወሰዳቸው ሰውና የሚረዳው ኮሚቴ ነበር። አንዱን በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ሌላውን በአይሁድ ቤተሰብ ቤት ያስቀምጡታል። ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ያዛውሩታል። ቋንቋውም ብርዱም አዲስ ሆኖባቸው ታመው ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ከተመለሱትም መካከል አገራቸው እንግዳ የሆነችባቸው አልጠፉም። ታምራትና ዮና ግን ተመልሰው ለወገናቸው መምህር ሆኑ። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት በታምራት እየተመራ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ከጎንደር አካባቢ የመጡ ልጆችን አስተምሯል።

ሁለተኛው ጉዞ የተደረገው በ1955 ነው። በዚያ ዓመት የአይሁድ ሶኽኑት በአስመራ የመምህራን ማሠልጠኛ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያው ዓመት 12 ልጆች፣ በ1956 ደግሞ 15 ልጆች፣ በድምሩ 27 ወጣቶች በራዓናና አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ክፋር ባትያ መጡ። ተምረው ሲጨርሱ አብዛኞቹ በየመንደሩ እንዲያስተምሩ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በክፋር ባትያ የነበሩት በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ማዕድ፣ በራሳቸው ቋንቋ እየተነጋገሩ የቆዩ መሆናቸው ከፋይትሎቪች ልጆች ይለያቸዋል። ብቻውን የተቀመጠ ልጅና ከወገኑ ጋር የተቀመጠ ልጅ አንድ ዓይነት ስንቅ ይዞ አይወጣም።

ፕኒሚያ

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ መጣን። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ገቡ። ወላጆች በሜርካዝ ቅሊታ፣ በሆቴልና በካራቫን ሲቀመጡ፣ ለአቅመ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱት ልጆች አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር አማካይነት ወደ ፕኒሚያ፣ ማለትም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ብዙዎቹም ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ይህን ስጽፍ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። በፕኒሚያ የተማሩ ዛሬ ሐኪም፣ መኰንን፣ ጠበቃና የክኔሴት አባል የሆኑ ልጆች አሉን። ይሁን እንጂ በወቅቱ ማንም ቁጭ ብሎ ወላጅን አላማከረም። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ተጽፎ ቀረበ፤ አባት በጣቱ ፈረመ። የበኩር ልጄን ስልክ እኔም እንዲሁ ፈርሜአለሁ። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ሲመጣ በዕብራይስጥ ያስባል፤ እኛ በአማርኛ እንመልሳለን። የእናቱን እንጀራ ከመብላቱ በፊት ስለ ምግቡ ይጠይቃት ጀመር። እናቴ በጎንደር የጠየቀቻቸውን ጥያቄዎች እኔ ለልጄ አልጠየቅሁለትም። የሚጠየቅ ሰው መኖሩንም አላወቅሁም ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን አንድ ላይ ስናየው፣ ለመቶ ዓመት ያህል የልጆቻችንን ማደሪያ የመረጠልን ሌላ ሰው ነው። ዛሬ የሃያ ሁለት ወይም የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ የሠራዊት አገልግሎቱን ፈጽሞ፣ «መዖኖት ወይስ ዲራ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ምርጫው ወደ እጃችን ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ዕድል በኪራይ ሒሳብ ብቻ ብንጨርሰው ያሳዝናል።

መዖኖት ወይስ ዲራ

በዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሁለቱም መንገዶች አሉ። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በ1925 ሲከፈት አብዛኞቹ ተማሪዎች በከተማው ውስጥ ክፍል እየተከራዩ ነበር የሚማሩት። በሃር ሃጾፊም ላይ ትልልቆቹ መዖኖት የተሠሩት ከ1967 ጦርነት በኋላ ነው። በቤር ሸባ በ1969 የተመሠረተው ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ መዖኖት ቢኖሩትም፣ ብዙ ተማሪዎች በአቅራቢያው ባሉት በሽኹና ጊሜልና በሽኹና ዳሌት አሮጌ ሕንፃዎች ይከራያሉ። ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሃይማኖት አክባሪ ወጣቶች ደግሞ በጊቭዓት ሽሙኤል ተሰብስበው መኖርን ለምደዋል። ጸሎት ቤቱም የሰንበቱ ማዕድም እዚያው ይገኛል።

እናቴ በጎንደር በጠየቀችው መሠረት ሁለቱን እንመዝናቸው።

«ድስቱ የማን ነው?» በመዖኖት ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። አብሮህ የሚኖረውን የሚመድበው አስተዳደሩ ነው። ሆኖም በብዙ መዖኖት ሰንበት ከሚያከብሩ ተማሪዎች ጋር ለመኖር በማመልከቻው ላይ መጠየቅ ይቻላል። ያልጠየቀ አያገኝም። በዲራ ጓደኛህን ራስህ ትመርጣለህ። ነገር ግን ወዳጅ የሆነ ሁሉ የቤት ጓደኛ አይሆንም። ስለ ድስቱ፣ ስለ ሰንበቱና ስለ እንግዳው ከመፈራረም በፊት መነጋገር ያስፈልጋል።

«ሰንበትን የት ይውላል?» ይህ ለሁለቱም ነው። ዓርብ ማታ መዖኖቱ ባዶ ሲሆን፣ ዲራውም ጓደኞች ወደየቤታቸው ሄደው ጸጥ ሲል፣ አንድ ተማሪ ብቻውን ሊቀር ይችላል። በከተማው የሚኖር ዘመድ ወይም የአገር ሰው ካለ አስቀድሞ ማስተዋወቅ የወላጅ ሥራ ነው። ወንድሜ ወለቃ ነበረው፤ ዛሬም እያንዳንዱ ልጅ አንድ ወለቃ ያስፈልገዋል።

«ሌሊት ቢያመው በር የሚከፍትለት ማን ነው?» በመዖኖት ጥበቃ አለ፣ የሚጠራ ኃላፊ አለ፣ ቧንቧ ቢፈነዳም የሚጠግን ሠራተኛ አለ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ከተማውን ለማያውቅ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዲራ የሚጠራው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱም አንዳንዴ ስልክ አያነሣም። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ከ1990ዎቹ በፊት በተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች ውስጥ ማማድ የለም። ስለዚህ ከመከራየት በፊት ሚክላቱ የት እንደሆነና ለመድረስ ስንት ደረጃ እንደሚወረድ በእግር ሄዶ ማየት ይገባል።

ስለ ገንዘቡም ጥቂት ልበል። መዖኖት አብዛኛውን ጊዜ ከግል ዲራ ይረክሳል፣ አልጋና ጠረጴዛም አለው። ዲራ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አርኖናው፣ ውሃው፣ መብራቱና የሕንፃው ኮሚቴ ክፍያ ከኪራዩ ላይ ይጨመራል። የመዖኖት ቦታ ለጠየቀ ሁሉ አይበቃም፤ ማመልከቻውም የጊዜ ገደብ ስላለው ባለፈ ማግሥት መጠየቅ ዋጋ የለውም። የጥቅምት 7 ቀን 2023 ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዓመቱ የተከፈተው በታኅሣሥ መጨረሻ ነበር። ውላቸው ከጥቅምት የጀመረ የዲራ ተከራዮች ትምህርት ሳይኖር ኪራይ የመቁጠር ጭንቅ እንደገጠማቸው ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ስለዚህ ውሉ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ፣ በመካከል መውጣት ይቻል እንደሆነም ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ዋስ

አሁን በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ሌላው ከእኔ ይማር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በደቡብ ከተማ ዲራ ሊከራይ ሆነ። «አጎቴ፣ ዓሬቭ ሁንልኝ» አለኝ፤ ዋስ ማለቱ ነው። ውሉ ስምንት ገጽ ነበር። ልጁን ስለምወደው፣ አንብቤ ሳልጨርስም «አልገባኝም» ማለት ስላፈርሁ፣ ፈረምሁ። በውስጡ «ብያሐድ ኡለሑድ» የሚል ቃል ነበረበት። ትርጉሙ፣ በአንድነትም በተናጠልም፣ እያንዳንዱ የሁሉንም ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

በዓመቱ አጋማሽ አንደኛው ጓደኛ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ባለቤቱ የሄደውን ልጅ አልፈለገውም፤ እኔን ፈለገኝ። የማላውቀውን ልጅ የአራት ወር ድርሻ ከጡረታ ቁጠባዬ ከፈልሁ። ባለቤቱ እንደ ውሉ ነው የሠራው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለበኩር ልጄ ፕኒሚያ እንደፈረምሁት አሁንም የማላውቀውን ወረቀት ፈርሜ ተገኘሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ማንበብ እየቻልሁ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ያዙ። በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ እንደሚለው፣ ቤቱ ለመኖሪያ የሚበቃ መሆን አለበት። ባለቤቱ ብልሽት ሲነገረው በ30 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነም በ3 ቀን ውስጥ ማስጠገን አለበት። በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና የሚያዘው መያዣ ከሦስት ወር ኪራይ ወይም ከውሉ ዘመን ጠቅላላ ኪራይ አንድ ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ የለበትም። ባለቤቱ የቀጠረውን ደላላ ተከራዩ አይከፍልም። ዋስ የሚሆን ሰው ግን የፈረመውን ቃል በቃል ተረድቶ መፈረም፣ ቢቻልም ዋስትናው ለልጁ ድርሻ ብቻ መሆኑ በጽሑፍ እንዲገባ መጠየቅ አለበት። «አልገባኝም፣ አስረዱኝ» ማለት ነውር አይደለም። ልጆቻችንም ለወላጅ ወረቀት ሲያቀርቡ ቁጭ ብለው በአማርኛ ይተርጉሙ፤ እነርሱ ካልተረጎሙልን ማን ይተርጉምልን?

መደምደሚያ

ታናሽ ልጄ ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጉዳዩን ማዕድ ላይ አቀረበችው። «አባዬ፣ አንተ ወስን» አለችኝ። እኔም «የለም፣ አብረን እንወስናለን» አልኋት። የመዖኖቱን ማመልከቻና የአንድ ዲራ ውል ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ እርሷ እያነበበች፣ እኔና እናቷ እየጠየቅን አንድ ምሽት አሳለፍን። ለአንደኛው ዓመት መዖኖት፣ ሰንበት አክባሪ ከሆኑ ልጆች ጋር፣ ከዚያ ከተማውንም ጓደኛም ስታውቅ ዲራ ብላ እርሷ ራሷ ወሰነች። ሰንበት ሰንበት ወደ እኛ በማትመጣበት ጊዜ የምትሄድበት የዘመድ ቤትም አገኘንላት። ሌላው ቤተሰብ ሌላ ሊወስን ይችላል። ጓደኞቹን አጥርቶ የሚያውቅ፣ በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ዘመድ ያለው ልጅ ከመጀመሪያውም ዲራ ቢይዝ አልነቅፍም።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ። ልጃችን በመዖኖትም ይደር በዲራ፣ ያን የቅርብ ጎረቤት አስቀድመን እንፈልግለት። በክፋር ባትያ ለነበሩት፣ በጎንደር ለተከራዩት፣ በፕኒሚያ ላደጉትም ልጆቻችን ማደሪያቸው እንዴት እንደነበረ የሚያስታውስ ሁሉ ጽፎ ወይም ተናግሮ ወደ ማኅበራችን ቢልክልን፣ ለሚመጣው ትውልድ እናቆይለታለን።

የእስራኤል አምላክ የልጆቻችንን መውጫና መግቢያ ይጠብቅልን። አሜን።